የአያት ጠገራ፣ የጃንሆይ መዳብ፦ የሳንቲም ስብስብ በአልበም ደሴ ላይ እንዴት ይያዛል?

#1 ጦሳ_ሥር · ደሴ

ሰላም ጀማው። ከአያቴ የተረፈ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ ሳንቲም ቤታችን አለ። አያቴ ነጋዴ ነበር፤ ደሴና ባቲ ሲመላለስ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። ውስጡ ድብልቅልቅ ያለ ነው። ጠገራ ብር አለ፣ የምኒልክ ብርና ግርሽ አለ፣ የጃንሆይ መዳቦች፣ የደርግ ሳንቲሞች፣ የጣሊያን ሊሬም አልጠፋም።

አሁን ወደ አልበም ላስገባው ነው። እንግዳ ሲመጣ ቆርቆሮ ምንጣፍ ላይ ከመገልበጥ ገጽ እየገለጡ ማሳየት ይሻላል። ዘውዱም ጎፈሩም እንዲታይ እፈልጋለሁ። አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ኪስ ኪስ ያለው አልበም አይቻለሁ፤ ዋጋውም ደህና ነው። ግን ሲከፈት የሚወጣው ሽታ አዲስ የላስቲክ ጫማ ነው የሚመስለው።

ሌላው ጭንቀቴ ክረምቱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሳሎን ይገባል። ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ ጫማ ሳይቀር ይሻግታል። እስቲ የምታውቁትን ወዲህ በሉ።

#2 የባቲ_ሰኞ · ባቲ

አብሽር፣ ቆርቆሮ ውስጥ እስካሁን ከቆየ ገና አልረፈደም። መጀመሪያ ጠገራውን ለብቻው አውጣው። ተራ አልበም ለጠገራ አልተሠራም። አንዱ 28 ግራም ነው። 20 ኪስ ያለው ገጽ ብትሞላው 560 ግራም ይሆናል። ከግማሽ ኪሎ በላይ ብር በስስ ላስቲክ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ገጽ አምስት ቢኖርህ 2.8 ኪሎ። ቀለበቱ የሚገባበት ቀዳዳ ይቀደዳል፣ ኪሱ ከታች ይላቀቃል፣ አንድ ቀን ስትገልጥ ጠገራው እግርህ ላይ ይወርዳል።

ውፍረቱም አለ። 2.5 ሚሊ ሜትር ነው። ገጾቹ አይከደኑም፤ ፊት ለፊት ያሉት ሳንቲሞች እየተፋተጉ ይኖራሉ።

#3 ክላሰር · አዲስ አበባ (የሐይቅ ልጅ)

ባቲ እውነቱን ነው። ስለ ሽታው ልጨምር። ጦሳ፣ ያንን አልበም እንዳትገዛው። ያ ሽታ ያለው፣ ለስላሳና ተጣጣፊ ላስቲክ አብዛኛውን ጊዜ ፒቪሲ ነው። ፒቪሲ ለስላሳ እንዲሆን ሌላ ቅመም ይጨመርበታል። ዓመታት ሲያልፉ፣ በተለይ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው፣ ቅመሙ እየወጣ ሳንቲሙ ላይ ይለጠፋል፤ ላስቲኩም ራሱ አሲድ ይለቃል። ምልክቱ አረንጓዴ፣ የሚያጣብቅ ነገር ነው። መዳብ ላይ ቶሎ ይታያል። ብርም አይተርፍም፣ ምክንያቱም የሳንቲም ብር ንጹሕ አይደለም። ጠገራ ከሺህ 833 እጁ ብር ነው፤ ቀሪው በብዛት መዳብ ነው።

የምትፈልገው ፖሊፕሮፒሊን፣ ፖሊኤቲሊን ወይም ማይላር የሚባለው ፖሊስተር ነው። እነዚህ ሽታ የላቸውም፤ ሲነኩ ደረቅ ይላሉ፣ ሲታጠፉ ኮሽ ኮሽ ይላሉ። ሻጩ ካላወቀ ራስህ መፈተን ትችላለህ። የመዳብ ሽቦ በእሳት አግለህ የላስቲኩን ቁራጭ ንካበት፤ መልሰህ እሳቱ ውስጥ ስትከተው ነበልባሉ ደማቅ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለበት፣ ፒቪሲ ነው። ይህን ከቤት ውጭ አድርገው፣ ጭሱን አትማገው። ፈተናው ቁራጭ ስለሚፈልግ ከጥግ ትንሽ መቁረጥህ አይቀርም።

#4 ኮምቦልቻ_ብረት · ኮምቦልቻ

እኔ የምጠቀመው ካርቶን ፍሬም ነው። አምስት ሳንቲ በአምስት ሳንቲ ገደማ የሆነ፣ መሐሉ ላይ የማይላር መስኮት ያለው። ሳንቲሙን አስገብተህ ካርቶኑን ታጥፈዋለህ፣ በስቴፕለር ትመታዋለህ። ከዚያ 20 ኪስ ባለው የፖሊፕሮፒሊን ገጽ ትከተዋለህ፤ ገጹን ቀለበት ባለው ክላሰር። ካርቶኑ ላይ ስለ ሳንቲሙ መጻፊያ ቦታ አለህ፣ ሁለቱም ፊት ይታያል፣ እንግዳ ቢነካውም የሚነካው ላስቲኩን ነው።

ሁለት ነገር ልብ በል። አንደኛ፣ የስቴፕለሩን ሽቦ ጫፍ በፒንሳ ጠፍጥፈው። ካልጠፈጠፍከው በጎን ያለውን ሳንቲም ይቧጭራል፣ ኪሱንም ይቀዳል። ሁለተኛ፣ ሳንቲሙን ለማውጣት ስትፈልግ መጀመሪያ ሽቦውን ሁሉ ንቀል። ካርቶኑን ገንጥሎ ሳንቲሙን በመጎተት ስንት የሚያምር ፊት ተበላሽቷል! ጽሑፉንም ሳንቲሙ ከመግባቱ በፊት ጻፈው፣ ከላይ እየተጫንክ እንዳትጽፍ።

ስለ እርጥበት ደግሞ፦ ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁም አየራቸው ሌላ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ እኛ ከዚያ በብዙ እንወርዳለን። ከደሴ ብርድ ያደረ ሳንቲም እኛ ጋ ሲደርስ ወዲያው ከተከፈተ ላብ ያወጣል። ይዘህ የምትንቀሳቀስ ከሆነ ሣጥኑን ሳትከፍት የክፍሉን ሙቀት እስኪለምድ ተወው።

#5 ጦሳ_ሥር · ደሴ

እናመሰግናለን። ሽታው እንዳልወደድኩት አላህ ነው የነገረኝ። ግን ደሴ ላይ እርጥበቱን በምን ልያዘው?

#6 ኮምቦልቻ_ብረት · ኮምቦልቻ

አዲስ ጫማና ቦርሳ ውስጥ የሚመጣውን ትንሽ ከረጢት ታውቀዋለህ? «አትብሉ» የተጻፈበትን። ሲሊካ ጄል ነው፣ እርጥበት ይመጥጣል። ግን ክፍት መደርደሪያ ላይ ብታስቀምጠው የሚመጥጠው የጦሳን ጉም ነው፤ መቼም አይጨርሰውም። አልበሙን ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የፖሊፕሮፒሊን ሣጥን ውስጥ ከሲሊካው ጋር አስገባ። ሲሊካው ሲጠግብ ሥራ ያቆማል፤ ፍሬውን ከከረጢቱ አውጥተህ በኦቭን 120 ዲግሪ አካባቢ ብታደርቀው እንደገና ይሠራል። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ካገኘህ ሣጥኑ ውስጥ ጣል አድርግበት። ከ50 በመቶ በታች ከሆነ ተኛ።

አልበሙን ውጭውን ግድግዳ ባስደገፈ ቁም ሣጥን ውስጥ አታስቀምጥ። ክረምት ላይ ያ ግድግዳ ነው የሚረጥበው። ወለል ላይም አይሆንም።

#7 ወልድያዊት · ወልድያ

ሣጥን በሣጥን ውስጥ፣ ሲሊካ፣ መለኪያ... ታዲያ እንግዳው መቼ ሊያየው ነው? ልጁ እኮ ማሳየት ነው የፈለገው። በእናንተ ምክር ከሄደ ከቆርቆሮው የባሰ ይደበቃል።

እኔ የእናቴን ሳንቲሞች ሳሎን አልበም አድርጌ አስቀምጫለሁ። ቡና ሲፈላ ይወጣል፣ ሰው ያያል፣ ጨዋታ ይነሳል። እማማዬዎቹ «ይህችን ታስታውሻለሽ? በዚህች ስንት ነገር ይገዛ ነበር!» ይባባላሉ። ሳንቲም ካላወሩበት ምኑ ነው?

#8 ክላሰር · አዲስ አበባ

እህቴ፣ ጨዋታውስ ልክ ነው። ሁለቱንም ማድረግ ይቻላል። ለማሳያ አንድ ቀጭን አልበም ይኑረው፤ በብዛት የሚገኙትን፣ ቢነኩም ብዙ የማይጎዱትን ይዞ። ብርቅዬዎቹና ከባዶቹ ሌላ ቦታ ይደሩ። ማሳያው አልበም ግን ቡና በሚፈላበት ክፍል ውሎ ባያድር ጥሩ ነው። የከሰሉና የእጣኑ ጭስ ላስቲኩ ላይ ይቀመጣል፣ ከጊዜ በኋላም መስኮቱን ያደበዝዘዋል። ይውጣ፣ ይታይ፣ ይመለስ። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው መስኮት ሥርም አይሁን።

#9 አያ_ሰይድ · ሐርቡ

ልጆች ደህና ዋላችሁ? እኛ በልጅነታችን ብር ሲጠቁር በአመድና በሎሚ ነበር የሚታሸው። መስተዋት ይመስል ነበር። ለእንግዳ የሚታይ ከሆነማ ጥቁር ብር ምን ያምራል? አጥቡት።

#10 የባቲ_ሰኞ · ባቲ

አያ፣ አንቱ ያሉት ለጌጥ ይሠራል። ለአንገት ለሚወጣ ብር ማንም አይቃወምዎትም። ለስብስብ ግን አመዱ ይፍቃል፤ ሎሚው አሲድ ነው። ከሳንቲሙ ፊት ላይ ቀጭን ቀጭን መስመር ይቀራል፣ እሱ ደግሞ ዳግመኛ አይጠፋም። የሚያውቅ ገዢ ጥቁሩን እንጂ የታጠበውን አይፈልግም፤ ሲያየው ፊቱን ያዞራል። ጥርስ ሳሙናም እንዲሁ ነው።

#11 አያ_ሰይድ · ሐርቡ

እንዲያ ከሆነ ይሁን። በዘመናችን መሸጥ እንጂ መሰብሰብ አናውቅም ነበር።

#12 ጦሳ_ሥር · ደሴ

አያ፣ ያኑርልን። ከሳንቲሞቹ አንዳንዶቹ ድሮ በላስቲክ ከረጢት ስለቆዩ ያጣብቃሉ። አረንጓዴም አለባቸው። እነሱንስ ልተዋቸው?

#13 ክላሰር · አዲስ አበባ

የሚያጣብቀውን አትተወው፤ መብላቱን ይቀጥላል። ንጹሕ አሴቶን ይፈልጋል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ተብሎ የሚሸጠው ሽቶና ቅባት ስላለበት አይሆንም። በመስታወት ዕቃ ውስጥ ዘፍዝፈው፤ አንዳንዱ ፕላስቲክ ዕቃ ራሱ ይሟሟል። አትፈትገው፣ አታሸው። በሌላ ንጹሕ አሴቶን አለቅልቀህ ንጹሕ ጨርቅ ላይ አስቀምጠው፣ ራሱ ይደርቃል። አሴቶን እሳት ወዳድ ነው። ምድጃ፣ ከሰል፣ ሲጋራ ባለበት አይከፈትም። መስኮት ክፈት።

ደረቅ፣ የማያጣብቅ፣ ከብረቱ ጋር የተዋሐደ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ግን ዕድሜው ነው፤ ተወው። ጣትህንም ከፊቱ ላይ አንሳ። ምንጊዜም ጠርዙን ያዝ፣ ከሥር ለስላሳ ጨርቅ አንጥፍ።

#14 ጦሳ_ሥር · ደሴ

ገባኝ። አሁን ደግሞ ዋናው ጥያቄ። በምን ቅደም ተከተል ልደርድር? በዓመተ ምሕረት ልደረድር ብዬ ጀመርኩ፤ ግን የጃንሆይ ሳንቲሞች ሁሉ ፲፱፻፴፮ ነው የሚሉት። የደርጎቹ ሁሉ 1969። ጠገራው ሁሉ 1780። እኔ ነኝ ማንበብ ያቃተኝ ወይስ?

#15 ክላሰር · አዲስ አበባ

ትክክል አንብበሃል። የውጭ አልበሞች ለእኛ የማይመቹት ለዚህ ነው። እነሱ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ቀዳዳ አድርገው ነው የሚሠሩት። የእኛ ሳንቲሞች ግን ዓመታቸው የቆመ ነው። 1936 የሚለው የጃንሆይ ሳንቲም ለብዙ ዓመታት ሲመታ ዓመቱ አልተቀየረም። ጠገራም ምስሏ ያለበት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በሞተችበት በ1780 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቆሞ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ቪየና ብቻ ሳይሆን ሮምም፣ ለንደንም፣ ፓሪስም፣ ቦምቤይም ያንኑ ዓመት ይዘው መትተዋል። እዚሁ ወሎ ወደ መቅደላ በ1868 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የመጣው የእንግሊዝ ጦር በመንገዱ ለእህልና ለከብት የከፈለው በጠገራ ነበር። ለዘመቻው ተብሎ ቪየና ላይ ተመትቶ ነው የመጣው። እሱም 1780 ነው የሚለው! ስለዚህ በዓመት መደርደር ከንቱ ነው።

በማዕድን፣ በክብደትና በጠርዝ ደርድር። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። የጃንሆይ ገጽ ላይ ከላይ መዳቦቹ፣ 1፣ 5፣ 10። ቀጥሎ 25 ሳንቲም ሁለት ቦታ ይይዛል። አንዱ ድፍን ክብ ነው፣ ሌላው ጠርዙ እንደ አበባ የተከረከመ። ሁለቱም 1936 ይላሉ፤ ግን ታሪካቸው ይለያያል። ክቡ 25 በመጠን ከብሩ 50 ሳንቲም ጋር ይቀራረብ ስለነበር ብር እየቀቡ በ50 ሒሳብ የሚያሳልፉ ብልጣ ብልጦች ተነሡ። ከዚያ ነው ጠርዙ የተከረከመው። ሁለቱን ጎን ለጎን፣ ከአጠገባቸው ብሩን 50 ሳንቲም ካደረግህ እንግዳህ ሳትነግረው ይገባዋል። ወልድያዊት ያለችው ጨዋታ እዚህ ጋ ይነሳል።

የደርጉ ላይ 1969ን እንዳለ አትመን። የአንበሳውን የአገጭ ጢም በአጉሊ መነጽር እየው፤ ማተሚያ ቤቱ ሲለያይ አቀራረጹም ይለያያል። 1 ሳንቲሙ፣ ገበሬው በበሬ የሚያርስበት፣ አሉሚኒየም ስለሆነ ቀላልና ለስላሳ ነው። ከከባድ ሳንቲም ጋር አንድ ኪስ አታድርገው፣ ይጫጫራል። ከደርግ በኋላ ወደመጡት ስትደርስ ማግኔት አስጠጋ። የሚይዛቸው አሉ፤ ውስጣቸው ብረት ነው፣ ላዩ የተለበጠ። ለደሴ እርጥበት በጣም የሚያሳስቡኝ እነሱ ናቸው። ልባጡ በጠርዝ በኩል ከተላጠ ዝገት ይጀምራቸዋል። ሁለት ዓይነት ማዕድን ያለው ባለሚዛኑ አንድ ብር ደግሞ ለራሱ መዝጊያ ገጽ ይሆንልሃል።

የምኒልኩን በክብደት። ብሩ 28 ግራም፣ አላዱ ግማሹ፣ ሩቡ ሩብ፣ ከዚያ ተሙኑ። ግርሹ የብሩ ሃያኛ ነው፣ 1.4 ግራም ገደማ። ለግርሽ ትልቅ መስኮት ያለው ካርቶን እንዳትጠቀም፤ እየተንሸራተተ ይኖራል። አንበሳው የትኛውን እግር እንዳነሳም እየው፣ ግራ ያነሳም ቀኝ ያነሳም አለ። ለየብቻ ቦታ ስጣቸው።

#16 ኮምቦልቻ_ብረት · ኮምቦልቻ

ይህ ሰውዬ በሳንቲም ሲጀምር አያቆምም እኮ 😄 ግን ልክ ነው። እኔ የምጨምረው፣ ካርቶኑ ላይ ሳንቲሙ ራሱ የሚናገረውን አትድገም። «25 ሳንቲም 1936» መጻፍ ምን ይጠቅማል? ክብደቱን፣ ከማን እንዳገኘኸው፣ የት እንደነበረ ጻፍ። «ከአያቴ፣ የደሴ ቤት» የሚለው የትም መጽሐፍ ላይ አይገኝም።

#17 ወልድያዊት · ወልድያ

አሁን ተስማማን። እኔ ጋ ጆሮ የተበየደላቸው ጠገራዎች አሉ፣ ከእናቴ ድሪ ላይ የቀሩ። አንዱ ሰብሳቢ «ጆሮውን አስነቅይና አሽሪው፣ ንጹሕ ጠገራ ይሆናል» አለኝ። ምን ትላላችሁ?

#18 የባቲ_ሰኞ · ባቲ

እንዳታደርጊው እቴ! ጆሮው ቢነቀል ጠባሳው ይቀራል፤ ጠገራም አይሆን፣ ድሪም አይሆን። ጠገራ በዓለም ላይ ሞልቷል፤ በሚሊዮን የተመታ ነው። የእናትሽ ድሪ ግን አንድ ነው። እንዳለ ተዪው፣ ክሩ ካለም ከነክሩ። አልበም ውስጥ አይገባም፤ ጠፍጣፋ ሣጥን ውስጥ፣ በታጠበ ነጭ ጥጥ ጨርቅ ላይ አስተኚው። ሱፍ ጨርቅ፣ የላስቲክ ማሰሪያና ተራ ካርቶን አታስጠጊበት። ድኝ አለባቸው፣ ብር ያጠቁራሉ።

#19 ሮቢት_ሰፈር · ደሴ

ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። አንድ ዘመድ እርሻ ላይ አገኘሁ ብሎ የአክሱም የምትመስል ትንሽ መዳብ አምጥቶልኛል። ንጉሡ በአንድ በኩል፣ መስቀል በሌላ። እኔም አልበም ውስጥ ላስገባት ነበር። ዋጋዋ ስንት ይሆን?

#20 አወያይ

ሮቢት፣ እዚህ መድረክ ላይ ዋጋ አናወጣላትም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ከመሬት የተገኘ ቅርስ ለመንግሥት መነገር አለበት። በአካባቢህ ወዳለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ውሰዳት። እስከዚያ አትጠባት፣ አፈሩን አትፋቅ፣ የትና እንዴት እንደተገኘች ከዘመድህ ጠይቀህ ጻፍ። ከአገር ማስወጣትማ ጨርሶ አይታሰብ።

#21 ሮቢት_ሰፈር · ደሴ

እሺ። ጥያቄውን ሰርዙልኝ፣ ነገ ይዣት እሄዳለሁ።

#22 ሐይቅ_ዳር · ሐይቅ

ማንም ያላነሳውን ላንሳ። 2014 ላይ በጦርነቱ ከቤት ስንወጣ ማን አልበም ተሸከመ? ብዙ ሰው ጓሮ ቀበረ፣ ገሚሱም መልሶ አላገኘውም። ያገኘውም አፈርና እርጥበት የበላውን ነው ያወጣው። ስለዚህ የእያንዳንዱን ሳንቲም ሁለቱንም ፊት በስልክ አንሡ። ክብደቱን በጌጥ ሚዛን ለኩና ዝርዝሩን ከቤት ውጭ ላለ ዘመድ ላኩ። ከባዶቹን ደግሞ ከአልበሙ ለይታችሁ አንድ ሰው አንሥቶ ሊሮጥ በሚችለው ትንሽ ሣጥን አድርጉ። አልበም ሲሞላ ሁለት ሰው ነው የሚፈልገው።

አልበም ገዝታችሁ ፎቶውን ከነሰፈራችሁ ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። ይህን እንኳ ታውቁታላችሁ።

#23 ጦሳ_ሥር · ደሴ

እንዲህ ልቁረጥ። ሳሎን የሚወጣ አንድ ቀጭን ክላሰር፦ የጃንሆይ መዳቦች፣ ሁለቱ 25 ከብሩ 50 ጋር፣ የደርጉ፣ የአሁኖቹ። በካርቶን ፍሬም፣ በፖሊፕሮፒሊን ገጽ። የምኒልኩ ግርሾችና ሩቦች ሌላ ክላሰር፣ ከሲሊካው ጋር በሣጥን። ጠገራና የምኒልክ ብር በካፕሱል፣ አንድ አንድ ሳንቲም በሚይዘው ክብ የፕላስቲክ ማቀፊያ። የጣሊያኖቹን ለብቻ አንድ ገጽ። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አለ፣ ካፕሱል ላስመጣ ነው። ለጠገራ ስንት ሚሊ ልበለው? አንዱ 40 ይላል፣ አንዱ 41።

#24 የባቲ_ሰኞ · ባቲ

ሳትለካ አትላክ። ጠገራ ሁሉ እኩል አይደለም፤ 39.5 የሚሆን አለ፣ 41 የሚደርስ አለ። ካሊፐር፣ ስፋት የሚለካበትን መሣሪያ፣ ከወርቅ ሠሪ ተዋስና የየአንዳንዳቸውን ጻፍ። የምኒልኩ 40 ነው፣ እሱ አያስቸግርም። የሰፋው ካፕሱል ውስጥ ጠገራው እየተንኳኳ ጠርዙ ላይ ያለው ጽሑፍ ይፋቃል፤ የጠበበው ደግሞ ካስገባኸው አይወጣም።

#25 ኮምቦልቻ_ብረት · ኮምቦልቻ

ካሊፐር እኔ ጋ አለ። ቅዳሜ ደሴ እወጣለሁ፣ ይዤልህ እመጣለሁ። መንጋጋው ብረት ስለሆነ በስስ ወረቀት ሸፍነን ነው የምንለካው፣ ከዚያ የወረቀቱን ውፍረት እንቀንሳለን። ለወልድያዊትም ለክተን እንላክላት ነበር፣ ግን ጆሮ ያለው ካፕሱል ውስጥ አይገባም።